«ወደ ቀኝ የዞረ ፈረሰኛ»፤ የማን ቀኝ?

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሞስኮ ከተማ ዓርማ አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። «በ1850ዎቹ ማብቂያ ላይ (እ.ኤ.አ.) ፈረሰኛው ወደ ቀኝ እንዲዞር ተደረገ» ይላል። የዚያን ዘመን ሥዕል ሳየው ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ የሚጋልበው ወደ ግራዬ ነው። ጸሐፊው ተሳስቶ ነው ወይስ የማን ቀኝ ነው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ራስህ ጠይቀህ ራስህ መለስክ እኮ! ቀኝ በግእዝ «የማን» ነው።

ባለ ጋሻ፦
ጸሐፊው ልክ ነው። በዓርማ ሥራ ቀኝና ግራ የሚቆጠረው ጋሻውን ካነገበው ሰው ነው፤ የሚያየውን ሰው አይጠይቁም። ጋሻ ይዘህ ቁምና አስበው፤ ቀኝህ ፊት ለፊትህ ለቆመው ግራው ነው። ምዕራባውያኑ ደግሞ አውሬም ሆነ ፈረሰኛ ወደ ባለ ጋሻው ቀኝ ካልዞረ ከጠላት የሸሸ ይመስላል ይላሉ። በ1781 በጸደቀው የሞስኮ ዓርማ ጊዮርጊስ ወደ ተመልካቹ ቀኝ ነበር የሚጋልበው። ኬኔ የሚባለው የዓርማ ሊቅ መጥቶ በምዕራቡ ደንብ አዞረው። ዛሬ ደግሞ ወደ ቀድሞው ተመልሷል፤ የከተማዋ ሕግም ነገሩ እንዳይምታታ «ከተመልካቹ ወደ ቀኝ» ብሎ ቁርጡን ጽፏል። ጋሻው ጥቁር ቀይ፣ ፈረሱ ብር፣ ጦሩ ወርቅ፣ እባቡ ጥቁር።

ዳዊት ደጋሚ፦
ይህ ለኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? 44ኛው መዝሙር «ወትቀውም ንግሥት በየማንከ» ሲል ንግሥቲቱ የቆመችው በንጉሡ ቀኝ ነው፤ በአንባቢው ቀኝ አይደለም። ቀኛዝማችስ የማንን ቀኝ ነበር የሚመራው? የጠላትን?

ፊደል ቆጣሪ፦
ይቅርታ ላቋርጥ። ሁላችሁም «ዓርማ»ን በዐይኑ ዐ ነው የጻፋችሁት። ለምን? ላቲኑ «አርማ» የጦር መሣሪያ ማለት ነው። ምልክቱ ጋሻ ላይ ስለሚሳል በመሣሪያው ስም ተጠራ። እኛ ዘንድ የገባውም በጣልያንኛ በኩል ነው ባይ ነኝ። የፈረንጅ ቃል ዐይኑን ከየት ያመጣል?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጣልያን ምን አገባው? «አረመ» የሚል የራሳችን ግስ እያለ! አረም ከሰብሉ እንደሚለይ ሁሉ አርማም ከተማን ከከተማ ይለያል።

ፊደል ቆጣሪ፦
በዚህ አያያዝህ ሞስኮን ራሷን ከሙሴ ታወጣታለህ።

ባለ ጋሻ፦
የኔን ልበል። «ሰንደቅ ዓላማ» ላይ ያለው ዓላማ የዐረብኛው «ዐለም» ዘመድ ነው፤ ባንዲራም ምልክትም ይሆናል፤ ዐይኑም የዘር ነው። ዓርማ እሱን ሲጎራበት ኖሮ ዐይን አበቀለ ብዬ እጠረጥራለሁ።

ዳዊት ደጋሚ፦
ጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም፣ ወንድሜ። ይልቅ ከዓርማ ካነሳችሁ የቬኒሱን ክንፋም አንበሳ አንሱ። ከአርባዕቱ እንስሳ ገጸ አንበሳው፣ የማርቆስ! በ828 ዐፅሙን ከእስክንድርያ፣ ከገዛ መንበሩ ወስደው ሲያበቁ ከተማቸውን በሱ አተሙ። የሰው አባት ወስዶ ማኅተም ማድረግ!

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ማኅተምና ዓርማ አንድ ናቸው ልትል ነው?

ዳዊት ደጋሚ፦
አንተ ገና ግስ ስታስነግር እኔ...

ጀማሪ ተርጓሚ፦
መምህራን፣ ይቅርታ፤ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። «ወደ ጋሻው ቀኝ» ልበል ወይስ «ወደ ተመልካቹ ግራ»?

ፊደል ቆጣሪ፦
መጀመሪያ ዐውን ወስን።