ኡቡንቱን በዊንዶውስ ውስጥ ለማስኬድ የትኛውን ሶፍትዌር ልምረጥ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ሆም የተጫነበትና 16 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። ፕሮግራሚንግ እየተማርኩ ስለሆነ ዊንዶውስን ሳላጠፋ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ከነሙሉ ዴስክቶፑ መጠቀም እፈልጋለሁ። በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) የሚፈጥረውን ቨርቹዋልቦክስን ጭኜ ሞከርኩት፤ ይሁን እንጂ አንድ ፎልደር ለመክፈት እንኳ ብዙ ሰከንድ ይፈጅበታል። ተመሳሳይ ሥራ ወደሚሠሩት ወደ ቪኤምዌር ወይም ወደ ሃይፐር-ቪ ብዛወር ይሻለኛል? በአንዱ ላይ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ እንደ አዲስ መጫን ስለማልፈልግ ከወዲሁ በትክክል መምረጥ እሻለሁ።

መልስ 1

ሃይፐር-ቪን ከምርጫዎ ያውጡት፤ ማይክሮሶፍት የሚያቀርበው ለፕሮ፣ ለኢንተርፕራይዝና ለኤዱኬሽን እትሞች እንጂ ለሆም አይደለም። ሶፍትዌር ከመቀየርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይመልከቱልኝ፦ ኡቡንቱ እየሠራ ሳለ በቨርቹዋልቦክስ መስኮት ግርጌ ከተደረደሩት ትናንሽ ምልክቶች መካከል አረንጓዴ ኤሊ ይታያል? ከታየ፣ ቪቲ-ኤክስ ወይም ኤኤምዲ-ቪ የሚባለውን፣ ቨርቹዋል ማሽን ለማስኬድ የሚያገለግለውን የፕሮሰሰሩን አቅም ዊንዶውስ ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው። ቨርቹዋልቦክስም በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ መድረስ ስለማይችል በዊንዶውስ በኩል ዞሮ ለመሥራት ይገደዳል፤ የሚንቀራፈፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያመጣው ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የተባለው የደኅንነት መከላከያ ወይም ደብሊውኤስኤል 2 (ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው የማይክሮሶፍት መሣሪያ) የሚጠቀምበት ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም ነው። ሁለቱንም አጥፍተው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱት።

መልስ 2

ስለ ኤሊው የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ መከላከያው ይጥፋ በሚለው ግን አልስማማም። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ አደገኛ ኮድ የዊንዶውስ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) ውስጥ ገብቶ እንዳይሠራ የሚከላከል በመሆኑ፣ የግል ሰነድና የይለፍ ቃል በያዘ ላፕቶፕ ላይ እሱን ማጥፋት ለትንሽ ፍጥነት ሲባል የሚከፈል ከባድ ዋጋ ነው። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 15.5.5 እትም ጀምሮ ሜሞሪ ኢንተግሪቲም ከሚመሠረትበት የሃይፐር-ቪ ቴክኖሎጂ ጋር ጎን ለጎን መሥራት ይችላል። እኔ መከላከያውን ሳላጠፋ ስጠቀምበት የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ከቨርቹዋልቦክስ ይልቅ ፈጥኖ ታዝዞኛል። ቀድሞ በክፍያ የነበረው ወርክስቴሽን ፕሮም እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ለግልም ለንግድም በነጻ ተፈቅዷል፤ ለማውረድ በብሮድኮም ድረ ገጽ መመዝገብ ያስፈልጋል።

መልስ 3

ቨርቹዋልቦክስ ክፍት ምንጭ ስለሆነና በሊኑክስም ላይ ስለሚሠራ እኔ በበኩሌ አልተውኩትም። ነጻ ስለመሆኑ ሲነገር ግን ዋናውን ፕሮግራም ተጨማሪ አገልግሎቶችን ከሚያክልበት ከኤክስቴንሽን ፓክ መለየት ይገባል፤ ፓኩ ለግል አገልግሎትና ለትምህርት ብቻ በነጻ የተፈቀደ፣ ለድርጅት ሥራ ግን ፈቃድ የሚገዛበት ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ የራም አመዳደቡ ከሶፍትዌሩ ስም ያላነሰ ለውጥ ያመጣል። ለኡቡንቱ ከ4 እስከ 6 ጊጋባይት ራምና ሁለት የፕሮሰሰር ኮር ይበቃሉ፤ ከመጠን በላይ ከሰጡት ዊንዶውስ ራሱ ተጨናንቆ ሁለቱም ሊዘገዩ ይችላሉ። በቨርቹዋልቦክስ ከቀጠሉ ጌስት አዲሽንስ የተባለውን የቨርቹዋልቦክስ አጋዥ ፕሮግራም ኡቡንቱ ውስጥ መጫን አይርሱ፤ ያለ እሱ የስክሪኑ መጠን ከመስኮቱ ጋር አይስተካከልም።

እንደ አዲስ የመጫኑ ነገርም ብዙ አያስጨንቅዎ። ቨርቹዋልቦክስ ቨርቹዋል ማሽኑን ኦቪኤ በተባለ አንድ ፋይል ጠቅልሎ ያወጣል፣ ቪኤምዌርም ፋይሉን ተቀብሎ ይከፍታል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የኔትወርክ ካርዱን ቅንብር ማስተካከል ይጠይቃል። ስናፕሾትን (የማሽኑን የአንድ ጊዜ ሁኔታ ይዞ የሚያቆየውን) እንደ መጠባበቂያ ቅጂ እንዳይቆጥሩት ግን አደራ እላለሁ፤ የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

ከጠያቂው

ኤሊው አለ፤ ሜሞሪ ኢንተግሪቲም በርቶ አገኘሁት። እንዳለ ትቼው ማሽኑን በኦቪኤ ወደ ቪኤምዌር አዛውሬያለሁ። 4 ጊጋባይት ሰጥቼው ፎልደሮቹ ወዲያው ይከፈታሉ፤ ኔትወርኩም ካርዱን ከመረጥኩለት በኋላ ተስተካክሏል። የምጽፋቸውን ኮዶች ከዛሬ ጀምሮ በውጫዊ ዲስክ ላይም አስቀምጣለሁ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።