ሁለተኛ ወፍጮ ሲጨመር ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ለምን ከፍ አለ?

ጥያቄ፦ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ ደብረ ሲና

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ሲና ውስጥ በአንድ ወፍጮ ቤት እሠራለሁ። እስካለፈው ወር የምንፈጨው በአንድ ወፍጮ ነበር፤ አሁን ግን ባለቤቱ ተመሳሳይ የሆነ ሁለተኛ ወፍጮ በዚያው ክፍል አስተክሏል። ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ እህል ከምጨምርበት ቦታ ላይ ቆሜ ስለካ፣ አንዱ ብቻውን ሲሠራ 88፣ ሁለቱም አብረው ሲሠሩ ደግሞ 91 ዴሲቤል አሳየኝ። ወፍጮው እጥፍ ሲሆን ቁጥሩም እጥፍ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ጆሮዬም ቢሆን ልዩነቱን የሚሰማው በጥቂቱ ነው። ለባለቤቱ ባሳየው «ሦስት ብቻ ከሆነ ምንም አይደል» አለኝ። ይሁንና ሁለተኛው ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ማታ ቤቴ ስገባ ጆሮዬ ይጮኻል። መሣሪያው ተሳስቶ ነው ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ?

መልስ 1፦ የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ መሣሪያው በዚህ ነገር አልተሳሳተም። ግራ ያጋባዎት ዴሲቤልን እንደ ኪሎ መቁጠርዎ ነው። በሚዛን ላይ አንድ ኩንታል ገብስ በሌላ ኩንታል ላይ ቢጫን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ዴሲቤል ግን አንድ ድምፅ ከመነሻው ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሚበልጥ በሎጋሪዝም፣ ማለትም 10 ስንት ጊዜ በራሱ እንደሚባዛ በሚቆጥር ስሌት፣ የሚገልጽ ንጽጽር ነው። መነሻው 20 ሚሊዮንኛ የፓስካል ግፊት ሲሆን፣ ይህም ጤነኛ ወጣት ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው እጅግ ደካማ ድምፅ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ስለዚህ ዜሮ ዴሲቤል ማለት ድምፅ የለም ማለት አይደለም። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱ 10 ጊዜ በተባዛ ቁጥር 10 ዴሲቤል ይጨመራል። ጉልበቱ እጥፍ ብቻ ከሆነ የ2 ሎጋሪዝም 0.3 ገደማ ስለሆነ፣ በ10 ሲባዛ ያነበቡትን 3 ይሰጣል። እንዲህ ያለ አቆጣጠር ያስፈለገው ጆሯችን የሚቀበለው ስፋት የሚያስደንቅ ስለሆነ ነው፤ ከደካማው ድምፅ እስከ 120 ዴሲቤል ድረስ ጉልበቱ አንድ ትሪሊዮን ጊዜ ይጨምራል።

አሁን ወደ ስሜቱ እንምጣ። ጆሮ ጉልበትን በቀጥታ አይቆጥርም። ብዙ ሰው አንድን ድምፅ «እጥፍ ሆነ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው። በዚህ ስሌት፣ የወፍጮ ቤታችሁ ድምፅ በጆሮዎ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ከመጀመሪያው ወፍጮ ጎን አንድ ሳይሆን ዘጠኝ ወፍጮ መጨመር ነበረበት። ባለቤቱም እርስዎም ጥቂት ለውጥ ብቻ መስማታችሁ እውነት ነው፤ ወደ ጆሮዎ የሚገባው ጉልበት እጥፍ መሆኑም እንዲሁ እውነት ነው።

መልስ 2፦ የጤና ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት

መምህር በመጨረሻ የተናገሩትን ቃል ላጠንክር፤ ጉዳት የሚከተለው ከሚሰማን ስሜት ይልቅ ጉልበቱንና ጊዜውን ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኛ የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በ88 ወሰኑ 4 ሰዓት ነበር፤ በ91 ግን 2 ሰዓት ብቻ ነው። «ምንም አይደል» የተባለው ሦስት፣ በእርግጥ የሥራ ጊዜዎን ግማሽ ወስዷል። ማታ ጆሮዎ መጮኹ ከአቅሙ በላይ የመሸከሙ ምልክት ስለሆነ እባክዎ ችላ አይበሉት፤ የመስማት ምርመራም ያድርጉ። ጆሮ ውስጥ ጥጥ መወተፍ ብዙም አይከላከልም፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋል።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የስልክ መለኪያ ምን ያህል ይታመናል? ከወፍጮው ሁለት እርምጃ ብርቅስ ይጠቅመኛል?

መልስ 3፦ የድምፅ መሣሪያ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

የስልክ ማይክ በባለሙያ መሣሪያ ተመሳክሮ ካልተስተካከለ በብዙ ዴሲቤል ሊሳሳት ይችላል። በአንድ ስልክ የተነበበ ልዩነት ግን፣ እንደ እርስዎ ሦስት፣ ከነጠላው ቁጥር የተሻለ ይታመናል። ያለ መሣሪያም ቢሆን፣ አንድ ክንድ ርቆ ለቆመ ሰው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ካልተናገሩ የማይሰማዎት ከሆነ ክፍሉ አደገኛ ነው ብለው ይውሰዱት። ሌላው ደግሞ ጆሯችን ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም፤ ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የዲናሞ ዓይነት ወፍራም ጉርምርምታ ተመሳሳይ ጉልበት ካለው ቀጭን ጩኸት ያነሰ ሆኖ ይሰማል። መለኪያዎች «ኤ» የተባለውን ማስተካከያ የሚጠቀሙት ይህንኑ ለመከተል ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው 85ም የተነገረው በዚሁ አለካክ ስለሆነ መተግበሪያዎ በዚያ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

ስለ ርቀቱ፣ ሜዳ ላይ ቢሆን ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንስ ነበር። በብሎኬትና በቆርቆሮ በተዘጋ ክፍል ግን ድምፁ ከግድግዳው እየተመለሰ ስለሚሞላው ሁለት እርምጃ ብዙ አይጠቅምም። ከከተማችሁ በላይ ባለው የጣርማበር ዋሻ ውስጥ የአንድ መኪና ጥሩንባ ምን ያህል እንደሚቆይ የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ እህል ከመጨመር በቀር ሌላውን ሥራ፣ መመዘኑንም ሂሳቡንም፣ ከበሩ ውጭ ማድረግ ከሁለት እርምጃ ይልቅ ይረዳዎታል።

ጠያቂው፦

ገብቶኛል። ነገ ለባለቤቱ 4 ሰዓት ወደ 2 መውረዱን በወረቀት ጽፌ አሳየዋለሁ፤ ሚዛኑን ወደ በረንዳ እንድናወጣና ከጓደኛዬ ጋር በየ2 ሰዓቱ እንድንቀያየርም እጠይቀዋለሁ። የጆሮ መከላከያው እስኪገኝም ሁለቱን ወፍጮ አብረን የምናስነሣው ወረፋ በበዛበት በገበያ ቀን ብቻ ይሆናል።