«የከበደው ይመስላል» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን አዲስ የገባ ልጅ ሪፖርቱን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት አቅቶት ሲደነጋገር አየሁና ለአለቃዬ «ሂ ኢዝ ኢን ትራብል» ብዬ ጻፍኩላት። ደንግጣ «ምን አጥፍቶ ነው?» አለችኝ! እኔ «የከበደው ይመስላል፣ የሚያሳየው ሰው ይመደብለት» ማለቴ ነበር። ልጁን ያሳጣሁት መስሎኝ ተጨንቄአለሁ። ምን ልበል?

ተርጓሚው፦ አይዞሽ እህቴ፣ ብዙዎቻችን የተሳሳትንበት ነው። «ኢን ትራብል» ሲባል ሰውየው አጥፍቶ ቅጣት የሚጠብቀው ይመስላል። ነገሩ አልሳካ ላለው ሰው «ሃቪንግ ትራብል» ነው የሚባለው። ስለዚህ «ሂ ሲምስ ቱ ቢ ሃቪንግ ትራብል ዊዝ ዘ ሪፖርት» በያት። «ሲምስ ቱ ቢ» የእኛ «ይመስላል» ናትና አትተያት፤ እሷ ከሌለች ልጁ ላይ የፈረድሽበት ይመስላል። ግስ ከተከተለ ደግሞ፣ ለምሳሌ «ሰብሚት» (ማስገባት)፣ «ሃቪንግ ትራብል ሰብሚቲንግ» እንጂ «ቱ ሰብሚት» አይባልም።

የቋንቋ መምህርት፦ እኔ «ሂ ሲምስ ቱ ቢ ስትራግሊንግ ኤ ቢት» እመርጣለሁ። «ስትራግሊንግ» መታገል፣ መቸገር ነው፤ «ኤ ቢት» (ትንሽ) ደግሞ ነገሩን ታለዝባለች። እዚህ ጋ ግን ግሱ በ«ቱ» ነው የሚመጣው፦ «ስትራግሊንግ ቱ ሰብሚት»። ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ሌላ ጉድጓድ አለ፤ «ተቸግሯል» ለማለት «ሂ ኢዝ ዲፊካልት» ይላሉ። ይህ «አስቸጋሪ ሰው ነው» ማለት ነው! «ኢትስ ዲፊካልት ፎር ሂም» በሉ።

ጠያቂ፦ «ሂ ኢዝ ሲሚንግ» ይባላል?

የቋንቋ መምህርት፦ አይባልም። «ሂ ሲምስ» ብቻ።

ሌላ አባል፦ ለዕቃም ልጨምር። ማተሚያው አንዴ ሠርቶ አንዴ እምቢ ሲል «ኢትስ አክቲንግ አፕ» ይባላል። አርጅቶ ሊሞት የተቃረበውን ደግሞ «ኦን ኢትስ ላስት ሌግስ» ይሉታል፤ ቃል በቃል «በመጨረሻ እግሮቹ ቆሟል» እንደማለት ነው። ኑሮው ወይም ትዳሩ ለጊዜው ለጎረበጠው ሰው «ጎይንግ ስሩ ኤ ራፍ ፓች» አለ። ለሪፖርቱ ጉዳይ ግን ይህ ይበዛል፣ አለቃሽ ቤቱ ምን ደረሰ ብላ ትጨነቃለች።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠዋት የመምህርቷን ዓረፍተ ነገር ላኩላት፤ ከሰዓት በኋላ አንዷ ባልደረባችን ወንበሯን ስባ ልጁ አጠገብ ተቀምጣ እያሳየችው ነበር።