ክሊኩ ይቆጠራል፣ ሽያጩ ግን አይመዘገብልኝም
የካሜራ መለዋወጫ የሚያስተዋውቁ 9 አጫጭር ቪዲዮዎች አሉኝ። የአፊሊየት ሊንኩ (ሰው በእሱ ገብቶ ከኦንላይን ሱቁ ሲገዛ ሽያጩ በስሜ የሚመዘገብበት) ፕሮፋይሉ ላይ ነው፤ ኮሚሽን እንደማገኝበትም በየመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ ተጽፏል። በ14 ቀን 380 ክሊክ ተቆጥሯል፣ ሽያጭ ግን ዜሮ። ያው ምርት ከብሎጌ ጽሑፍ ሲነካ ከ100 ክሊክ 2 ወይም 3 ሽያጭ ያመጣል።

መጀመሪያ የሊንክ ማሳጠሪያውን አወጣሁ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ የተለየ መለያ ኮድ ሰጠሁ። ሊንኩን ኮፒ አድርጌ ክሮም ላይ ስከፍተው ኮዱ እስከ ምርቱ ገጽ ድረስ አብሮ ይዘልቃል። ከቪዲዮ መተግበሪያው ሲነካ ግን ገጹ የሚከፈተው በመተግበሪያው የራሱ ብሮውዘር ነው፣ ኩኪውም (ሰውዬው ከእኔ ሊንክ መምጣቱን ብሮውዘሩ ላይ የሚይዘው ትንሽ ፋይል) እዚያው ይቀራል። ሰውዬው ማታ በሱቁ መተግበሪያ ሲገዛ ከእኔ መምጣቱ የሚታወቅ አይመስለኝም፤ የኩኪው ዕድሜም 24 ሰዓት ብቻ ነው። ራሴ ገዝቼ እንዳልፈትሽ በገዛ ሊንክ መግዛት በደንቡ ክልክል ነው፣ አካውንት ያዘጋል።

መለያ ኮዱ ሳይጠፋ ሊንኩ በስልኩ ዋና ብሮውዘር እንዲከፈት የሚያደርግ፣ በአንድሮይድም በአይፎንም የሚሠራ መንገድ የምታውቁ አላችሁ?