ኒኮቲኑን በግማሽ ቀንሼ ጭራሽ ራሴን የሚያዞረኝ ለምንድን ነው?

ባለባጃጁ (ሀዋሳ)፦

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባጃጅ ነው የምነዳው፣ በአቶቴ በኩል። 11 ዓመት አጭሻለሁ፣ በቀን ግማሽ ፓኮ ኒያላ። አምና የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ቬፕ (በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ይዞልኝ መጣ። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ኮይል (ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ) ነበረው፤ አንዱ 0.8 ኦም፣ ሌላው 0.3 ኦም። ፈሳሹ ኒኮቲን 12 ሚሊግራም ይላል። በ0.8ቱ፣ 14 ዋት ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ሲጋራውን ተውኩት። ሚስቴ እልል አለች።

ከሁለት ወር በፊት «ይሄንንም ቀስ በቀስ ልተወው» ብዬ ባለ 6 ሚሊግራም አስላክሁ። በቃ ግማሽ ሆነ አይደል? ስስበው ግን ውኃ ውኃ አለኝ። ጉሮሮዬን አልነካ አለ። አንድ ጓደኛዬ «0.3ቱን ግጠምና ዋቱን ከፍ አድርገው» አለኝ። 38 ላይ አደረስኩት። ጭሱን አትጠይቁኝ። ተራ ስጠብቅ ስስበው ከኋላዬ ያለው ሹፌር «ሞተርህ ተቃጠለ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ማክሰኞ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ አሥር ደቂቃ ያህል ሳላቋርጥ ሳብኩ። ራሴ ዞረ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ደረቴን ሊበሳ ደረሰ። አስመለሰኝ። ቀን አሞራ ገደል ዓሣ በልቼ ስለነበር ዓሣውን ጠረጠርኩ። ሐሙስ ግን ዓሣ ሳልቀምስ ደገመኝ።

ኒኮቲኑ ግማሽ ሆኖ እንዴት ከበፊቱ ይብሳል? ፈሳሹ ፎርጅድ ይሆን እንዴ?


ሽቦ ቀጣዩ (አዳማ)፦

ዓሣው ነፃ ነው፣ ልቀቀው።

ቬፕ ስቤ አላውቅም። ሽቦ ግን እንጀራዬ ነው፤ ፍራንኮ አካባቢ ምድጃና ሞተር እጠግናለሁ። የምድጃ ሽቦ ሲበጠስ ሰው ምን ያደርጋል? ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ይቀጥለዋል። ሽቦው ያጥራል። ከዚያ ምድጃው ከበፊቱ ይብስ ይግልና ሽሮው ያርራል። መብራቱ ያው 220 ነው። ያጠረው ሽቦ ነው ጉዱን ያመጣው።

ያንተም እንደዚያ ነው። ኦም ማለት ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን ነው፤ ሽቦው ሲያጥር ኦሙ ይቀንሳል። ዋት ማለት ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለኦሙ ሲካፈል ነው። 0.8 ኦም ላይ 14 ዋት ለማግኘት 3.35 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። 0.3 ኦም ላይ 38 ዋት ለማግኘት ደግሞ 3.38 ገደማ። አየህ፣ ቮልቱ ምንም ያህል አልተነቃነቀም። ሙቀቱ ግን 2.7 እጥፍ ሆነ። በኮይሉ የሚያልፈው አምፔርም ከ4 ወደ 11 ወጣ፤ ባትሪህ ሲግል ካየህ አትደነቅ።

ሙቀቱ የት ይሄዳል? ፈሳሹን ያተንናል። ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው። የመጀመሪያው 188 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ሁለተኛው 290 ላይ። ኒኮቲኑ አብሯቸው ይወጣል። አንዴ ስትስብ ብዙ ፈሳሽ ከተነነ ብዙ ኒኮቲን ገባ ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው 6 አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ነው። ስንት ሚሊ እንደምትጨርስ ጠርሙሱ በምን ያውቃል?

እስኪ ንገረኝ፣ የድሮው ጠርሙስ ስንት ቀን ይቆይህ ነበር? አዲሱስ?


ባለባጃጁ (ሀዋሳ)፦

የቤንዚን ደብተሬ ላይ ስለምጽፍ አውቀዋለሁ። የድሮው 30 ሚሊ ነው፣ 15 ቀን ይቆያል። አዲሱ 60 ሚሊ ነው፣ በ8 ቀን አለቀ። ያንጠባጥባል ብዬ ኪሴን ስፈትሽ ነበር የከረምኩት።


ሽቦ ቀጣዩ (አዳማ)፦

በል ደብተርህን ያዝ። ድሮ በቀን 2 ሚሊ፣ በ12 ስታባዛው 24 ሚሊግራም። አሁን በቀን 7.5 ሚሊ፣ በ6 ስታባዛው 45። ሁሉም ደምህ ውስጥ አይገባም፤ ከመሣሪያው የሚወጣው ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ማንም አላጭበረበረህም።


ታዛቢ፦

እንዲያው ለጠቅላላ ዕውቀት፣ ይሄ ዕቃ በአዋጅ 1112/2011 ማስገባቱም መሸጡም ክልክል ነው። የአክስትህ ልጅ ይወቀው።


እህታችሁ ነርሷ፦

ወንድሜ፣ ራስ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት፣ ማስመለስ፣ ይሄ ኒኮቲን ሲበዛ የሚታይ ምልክት ነው። እንዲህ ሲጀምርህ ወዲያው አቁምና ነፋስ ወዳለበት ቁጭ በል። ካልተወህ ወይም ደረትህን ካመመህ «ይለፍልኛል» አትበል፣ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ሽቦ ቀጣዩ ስለ ሽቦው ጨርሶታል። እኔ ስለ ሰውየው ልጨምር። ሰውነትህ የለመደውን መጠን ያውቃል። ፈሳሹን ስታቀጥንበት በሌላ በር ይፈልገዋል፤ ወይ ደጋግመህ ትስባለህ፣ ወይ ረጅም ትስባለህ፣ ወይ ዋቱን ትጨምራለህ። በ2015 እ.ኤ.አ. የቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲና የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማሽን 15 ጊዜ እያሳቡ ለክተውታል። እንደ ቮልቱ፣ እንደ ፈሳሹና እንደ አሳሳቡ የሚወጣው ኒኮቲን ከ50 እጥፍ በላይ ተለያየ። የገረመኝ ምን መሰላችሁ? በኃይል መምጠጥ ለውጥ አላመጣም። ረዘም አድርጎ መሳብ ነው ያበዛው። አንተ ደግሞ ሐይቅ ዳር ተንፈላሰህ አሥር ደቂቃ!

ስለዚህ ከቀነስክ አንዱን ብቻ ንካ። 0.8ቱን መልስ፣ 14 ዋትህ ላይ ሁን፣ ከዚያ 6ቱን ሞክር። መጀመሪያ ይጎድልሃል፣ ትነጫነጫለህ፣ የሚጠበቅ ነው። እና ሐሙስ ዕለት... ቅመህ ነበር? ጫትም ኒኮቲንም ልብን ያስሮጣሉ፣ ለዚያ ነው የጠየቅኩህ።

ልጅ ካለህ ጠርሙሱን ቆልፍበት። ሕፃን ቢጠጣው ቀልድ የለውም።


ባለባጃጁ (ሀዋሳ)፦

ሲስተር፣ ሐሙስ... አዎ። ትንሽ ወንዶ ነበረች።

ግን አንድ ነገር፣ 0.8ቱን መልሼ ዋቱን 25 ባደርገውስ? መሃል ላይ እንገናኝ።


ሽቦ ቀጣዩ (አዳማ)፦

ኮይሉ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አንብብ። ከስንት እስከ ስንት ዋት ይላል?


ባለባጃጁ (ሀዋሳ)፦

12–18።


ሽቦ ቀጣዩ (አዳማ)፦

እንግዲያው 25 ምን ቤት ነው? ኮይሉ ውስጥ ያለው ጥጥ ፈሳሽ ስቦ ሳይደርስ ሽቦው ይቀድመዋል። የተቃጠለ ጨርቅ ነው የምትምገው። ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ደረቅ ምጣድ ላይ ዘይት ስታፈስ እንደሚጨሰው በለው።


ባለባጃጁ (ሀዋሳ)፦

ከስድስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። 0.8ቱን ገጠምኩ፣ 14 ዋት፣ ባለ 6ቱ ፈሳሽ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ተሳፋሪ ሁሉ ጠላቴ ነበር። አንዷን እናት በሳንቲም ምክንያት ጮህኩባቸው፣ ማታ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ራስ ማዞሩ ግን አልተመለሰም። ደብተሩ ላይ በቀን 3 ሚሊ ሆኗል፣ 18 ሚሊግራም መሆኑ ነው።

ትናንት ሚስቴ ደብተሩን ከፍታ «በቀን 3 ብቻ? ቤንዚኑን ማን እየቀዳልህ ነው?» አለችኝ። እስካሁን እያስረዳሁ ነው።