የተራራ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ፣ መደብሩም በሩን ዘጋ፤ እስከ ቅዳሜ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ መምህርት ከሆጤ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ እገባበታለሁ። ደሴ ፒያሳ ካለው የስፖርትና የተራራ ጉዞ ዕቃ መደብር፣ ኮምቦልቻም ቅርንጫፍ ካለው፣ በ6,800 ብር የገዛሁት ጫማ የጦሳን ተራራ ስወጣ የግራው ሶል ከፊት በኩል ተላቀቀ። ይዤው ስሄድ ሻጩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አሳየኝ። ከብዙ ንግግር በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ከእኔው ጋር ትቶ፣ በገንዘቡ ልክ ሌላ ዕቃ የምወስድበት ኩፖን ማኅተም አሳርፎ ሰጠኝ።

ዛሬ በኩፖኑ ልገዛበት ብሄድ በሩ ተቆልፏል፤ «ለቆጠራ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጎረቤት ያሉት ባለሱቆች ግን ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ ሲወጣ እንዳዩ ነገሩኝ። ወዲያው ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያም መደርደሪያው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በእኔ ቁጥር አንድም ጫማ የለም፤ ገንዘብ ተቀባይዋም ኩፖኑን አየት አድርጋ «ይህ የደሴ ዕዳ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብላ መለሰችልኝ። ቅዳሜ የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎቼን ይዤ ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ ሐይቅ በእግር እሄዳለሁ። ገንዘቤን የማስመልስበትን ወይም ጫማውን ለአንድ ቀን የማቆይበትን መንገድ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሸዋ በር ልጅ

መምህርት፣ ደረሰኝ አለዎት? የተገዛበት ቀንስ መቼ ነው? እነዚህን ሁለት ነገሮች ካልነገሩን መልሳችን ሁሉ ግምት ይሆናል።

ሰኞ ገበያ

ማስቲሽ ገዝተው ያጣብቁት፤ እስከ ቅዳሜ ይደርሳል።

አንጋፋ ነጋዴ

በመምህርቷ ላይ የደረሰው ነገር አሳዝኖኛል፤ ሆኖም በዚህ ሥራ ላይ እንደቆየ ሰው፣ እንዲህ ያለ መደብር እንዴት ወደዚህ እንደሚደርስ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱን ያወቀ ገዥ ምልክቱን ቀድሞ ያያል። በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ሱቆች ተዘርፈዋል፤ መልሰው የቆሙትም በብድርና በዱቤ ነው። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃውን በድሮው ዋጋ ከሸጠ፣ በሰበሰበው ብር የሸጠውን ያህል እንኳ መልሶ ማስገባት አይችልም። ስለዚህ መደርደሪያው ሲሳሳ ከመጋዘን አሮጌውን እያወጣ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጨርቅ ይሰቅላል፤ በጥሬ ገንዘብ መመለስ ያቆምና በወረቀት ይተካዋል፤ ሠራተኛውን ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ለቆጠራ ይዘጋል። ይህን ስል ለመደብሩ መከራከሬ አይደለም። የከሰረ ሰው እንኳ በሩ ላይ ስልኩን ጽፎ፣ ኩፖን የያዙ ደንበኞቹን ጠርቶ፣ ያለውን ዕቃ ያካፍላል እንጂ ሌሊት ጭኖ አይወጣም።

የጦሳ ልጅ

እኔ ግን ከመነሻው ጥያቄ አለኝ። ለሐይቅና ለአርዲቦ መንገድ የ6,800 ብር ጫማ ለምን ያስፈልጋል? የአካባቢው ሰው ያንን መንገድ በኮንጎ ጫማ ይመላለስበታል፤ እኛም በሸራ ጫማ እየሄድን አድገናል። እነዚህ መደብሮች ያተረፉት ለእያንዳንዱ ነገር ልዩ ዕቃ ያስፈልጋል ብለው ስላሳመኑን ነው።

መምህርት ከሆጤ

ወንድሜ፣ ያሉት ለለመደው እግር እውነት ነው። እኔ ቁርጭምጭሚቴ ቀደም ሲል ዞሮ ስለሚያውቅ ሐኪም ደጋፊ ያለው ጫማ እንድጠቀም አዞኛል፤ በዚያ ላይ ለተማሪዎቼ ደኅንነት ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ደረሰኙን አግኝቼዋለሁ፤ የገዛሁት መስከረም 28 ነው፤ ኩፖኑ የተጻፈው ጥቅምት 7 ነው። ነገር ግን በደረሰኙ ላይ ያለው ጽሑፍ ከወዲሁ እየደበዘዘ ነው።

ባለ ፎርማ (ጫማ ሰፊ)

መምህርት፣ ማንም ማስቲሽ ቢልዎ ከመቀባትዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ። የተላቀቀውን አፍ ከፍተው በቆዳውና በታችኛው ጎማ መካከል ያለውን ስፖንጅ በጥፍርዎ ይጫኑት። ስፖንጁ ደህና ሆኖ ማጣበቂያው ብቻ ከለቀቀ ሥራው ቀላል ነው፤ በቀን ያልቃል። ስፖንጁ ግን እንደ ደረቀ ዳቦ የሚፈረፈር ከሆነ የትኛውም ማስቲሽ አይዘውም፤ ምክንያቱም ማስቲሹ የሚይዘው ፍርፋሪውን ነው፣ ፍርፋሪው ደግሞ ከሌላው አካል ይላቀቃል።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ላስረዳ። የብዙ ተራራ ጫማ ስፖንጅ የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ነው። ፖሊዩሬቴን በአየር ውስጥ ካለ እርጥበት ጋር ለዓመታት ሲቆይ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ጫማው ያልተነካ አዲስ ቢሆንም፣ በካርቶን ውስጥ ለዓመታት ከተቀመጠ በመጀመሪያው ዳገት ሊፈርስ ይችላል። እንዲያውም ሳይለበስ የተቀመጠው ከሚለበሰው ቀድሞ የሚበላሽበት ጊዜ ብዙ ነው። ምላሱን ገልብጠው ከውስጥ የተሰፋውን ትንሽ ጨርቅ ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ የተመረተበት ወርና ዓመት ይጻፍበታል። አንጋፋው ነጋዴ «አሮጌውን ከመጋዘን ያወጣል» ያሉት ነገር እዚህ ላይ ይገናኛል።

ሰኞ ገበያ

በማስቲሽ ካልሆነ በሱፐር ግሉ ይሞክሩት። እኔ የልጄን ጫማ አጣብቄ እስከ ዛሬ አለ።

ባለ ፎርማ (ጫማ ሰፊ)

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ጠንካራና ተሰባሪ ይሆናል፤ ሶል ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ይታጠፋል። ለሶል የሚሆነው የጫማ ማስቲሽ ነው፤ አሠራሩም ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ማድረግ፣ አቧራውን ማጽዳት፣ በሁለቱም ላይ በስሱ ቀብቶ በጣት ሲነካ እስከማይበክል መጠበቅ፣ ከዚያም አጋጥሞ በኃይል መጫንና ቢያንስ እስከ ማግስቱ ማሳደር ነው። ከዚያ በኋላ ዙሪያውን ቢሰፋ ይመረጣል።

መምህርት ከሆጤ

ስፖንጁን ጫንኩት፤ ይፈረፈራል፤ ነጭ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። የቀኙም ተረከዙ አካባቢ መሰንጠቅ ጀምሯል። በምላሱ ውስጥ ያለው ጨርቅ ላይ የተጻፈው ዓመት እ.ኤ.አ. 2015 ነው።

ባለ ፎርማ (ጫማ ሰፊ)

እንግዲህ ማስቲሹን ይተዉት። ቆዳው ደህና ከሆነ ስፖንጁን በሙሉ አውጥቶ ሌላ ሶል መግጠም ይቻላል፤ ነገር ግን ለቅዳሜ አይቸኩሉበት፤ ጫማውንም አሁን አያስነኩት፤ እንዳለ መቆየቱ ለማስረጃ ይጠቅምዎታል።

ሕግ አጥኚ

የመጨረሻው ምክር ትክክል ነው፤ እኔም ከዚያው ልቀጥል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ሲያገኝ፣ ዕቃውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ሻጩ እንዲለውጥለት ወይም ገንዘቡን እንዲመልስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። መስከረም 28 ገዝተው ጥቅምት 7 ኩፖን ከተጻፈልዎ፣ በጊዜው መጠየቅዎን ኩፖኑ ራሱ ይመሰክራል፤ ማኅተም ያለበት የሻጩ ጽሑፍ ነውና። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይናገራል፤ ገዥው ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀም በኋላ መብቱን የሚጠይቅበት 1 ዓመት አለው። ስለዚህ የግድግዳው ወረቀት አያስፈራዎት።

የደረሰኙን ነገር ግን ዛሬውኑ ይጨርሱት። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ይጠፋል። ፎቶ ያንሱት፤ ፎቶ ኮፒም ያስደርጉት፤ ዋናውን ከፀሐይና ከፕላስቲክ አርቀው በደብተር መካከል ያኑሩት።

አንጋፋ ነጋዴ

አንድ ነገር ልቃወም። ኩፖኑን ከተቀበሉ በኋላ በዕቃ ለመተካት ተስማምተዋል ማለት ነው፤ አሁን ጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ይከብዳቸዋል።

ሕግ አጥኚ

የተስማሙት ዕቃ ሊሰጣቸው ነው፤ ዕቃው ካልተሰጣቸው ስምምነቱን ያፈረሰው መደብሩ ነው። በማመልከቻው ላይ በቅድሚያ በኩፖኑ መሠረት ዕቃው እንዲሰጣቸው፣ ካልሆነ ገንዘቡ እንዲመለስላቸው ብለው በአማራጭ ይጻፉ።

ከኮሎራዶ፣ የቃሉ ልጅ

እዚህ በምኖርበት አገር ተመሳሳይ ነገር በትልቁ አይቻለሁ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚሁ በኮሎራዶ የነበረው ስፖርትስ ኦቶሪቲ የተባለ የስፖርት ዕቃ ኩባንያ ከ450 በላይ መደብሮች ነበሩት፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በዕዳ ምክንያት ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ በዚያው ዓመት መደብሮቹ በሙሉ ተዘጉ፤ ስሙን ሌላ ተወዳዳሪ ኩባንያ ገዛው። የስጦታ ካርድ የያዘ ሰው በሕግ ፊት ዋስትና እንደሌለው አበዳሪ ነው የሚቆጠረው፤ ባንኮቹ ወስደው ከተረፈ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ እኔ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት ስቀበል አላሳድረውም፤ የምፈልገው ዕቃ ባይኖር እንኳ ካልሲም ቢሆን የውኃ መያዣም ቢሆን ወስጄ እወጣለሁ። መምህርት፣ ኮምቦልቻ ላይ ጫማ ከሌለ ድንኳን ወይም የጀርባ ቦርሳ ካለ ለክበቡ ይውሰዱበት።

መምህርት ከሆጤ

ወንድሜ፣ ቦርሳም ድንኳንም አለ፤ እኔም ጠይቄ ነበር። እንቢ ያሉኝ «የደሴ ዕዳ ነው» ብለው ነው።

የቦርከና ዳር

እህቴ፣ እኔ ከዚህ በፊት በሌላ መደብር በገንዘብ ተቀባይነት ሠርቻለሁ፤ ለእርስዎ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። በደረሰኝዎ አናት ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለ፤ ሰዎች ቲን የሚሉት። አንድ ነጋዴ ስንት ቅርንጫፍ ቢከፍት ቁጥሩ አንድ ነው። ኮምቦልቻ ሲሄዱ የጫማ ክር ይግዙና የማሽን ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ከዚያም ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስተያዩ። አንድ ከሆኑ የደሴውና የኮምቦልቻው ባለዕዳ ያው አንድ ሰው ነው፤ «እኛን አይመለከትም» የሚለው መልስም አይቆምም። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ግን ስም ብቻ የተጋሩ ሁለት ነጋዴዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ክርክርዎ ከደሴው ጋር ብቻ ይሆናል። ገንዘብ ተቀባይዋን አይጣሏት፤ ደመወዟ ሳይከፈላት የቆመች ልትሆን ትችላለች፤ ኩፖን የመቀበል ሥልጣንም የላትም። በትሕትና የሥራ አስኪያጁን ስልክ ይጠይቋት።

ሕግ አጥኚ

ይህን ማን አሰበው! ቁጥሮቹ አንድ ከሆኑ ማመልከቻውን በሁለቱም ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ማስገባት ይቻላል። ኮምቦልቻ ላይ ገና የሚሸጥ ዕቃ ስላለ ቶሎ ውጤት የሚገኘው ከዚያ ነው፤ ያ ዕቃ ከተጫነ በኋላ ግን የሚያዝ ነገር አይኖርም። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት ነጋዴው ኪሳራ ካወጀ ደግሞ ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰልፈው ድርሻዎን ይጠብቃሉ።

ቧንቧ ውሃ

እኔም የዚያው መደብር ኩፖን አለኝ፤ ለልጄ ብስክሌት ቅድሚያ ከፍዬ ብስክሌቱ ሳይመጣ ቀርቶ የተጻፈልኝ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወደ ደሴ ከተማ ንግድ መምሪያ ማመልከቻ አስገባለሁ። መምህርት፣ ደረሰኝዎንና የኩፖኑን ኮፒ ይዘው ይምጡ፤ ሁለት ሆነን ስንቀርብ የግል ጭቅጭቅ ነው ተብሎ አይታለፍም። ሌላም ተመሳሳይ ወረቀት የያዘ ካለ እዚሁ ይጻፍልን።

የጦሳ ልጅ

የቁርጭምጭሚቱን ነገር ሳላውቅ ነበር የጻፍኩት። የእህቴ የተራራ ጫማ 38 ቁጥር ነው፤ ቅዳሜ አትጠቀምበትም፤ ሳላይሽ ሰፈር መጥተው መውሰድ ይችላሉ።

ባለ ፎርማ (ጫማ ሰፊ)

የተውሶም ይሁን የሰልባጅ ጫማ ከመሄድዎ በፊት ያንኑ የጥፍር ፍተሻ ያድርጉበት፤ ሶሉንም በሁለት እጅ አጥፈው ስንጥቅ መኖሩን ይዩ። ዓርብ ማታ ለጉዞው በሚለብሱት ወፍራም ካልሲ ቤት ውስጥ ጥቂት ይራመዱበት፤ ተረከዝዎን ከነካዎት በቦታው ፕላስተር አስቀድመው ይለጥፉ።

ቧንቧ ውሃ (ረቡዕ ማታ)

መምህርት፣ የኮምቦልቻው ቁጥር ከደሴው ጋር አንድ ሆነ? ማመልከቻዬን ከማተሜ በፊት ማወቅ ፈልጌ ነው።