የሚወጣ ኢሜይል በላኪ አድራሻ እንዲጣራ፦ ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

የቴክኒክ ኮሚቴ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ባለው አሠራር ማንም አባል በፓስወርዱ ከገባ በኋላ በፈለገው አድራሻ ስም መላክ ይችላል። የአንዳችን ፓስወርድ ቢሰረቅ ሌባው በገንዘብ ያዣችን ስም «መዋጮውን በዚህ አዲስ ሒሳብ አስገቡ» ብሎ ለሁሉም ይልካል። ሰርቨራችን የሚሠራው ፖስትፊክስ በሚባል የኢሜይል ሶፍትዌር ስለሆነ መፍትሔው እጃችን ላይ ነው። «ሪጀክት ሴንደር ሎጊን ሚስማች» (የላኪው አድራሻና የገባው አካውንት ካልተጣጣሙ መልስ) የሚባለውን ደንብ እናስገባ። የትኛው አካውንት በየትኛው አድራሻ እንደሚልክ በሠንጠረዥ እንጽፋለን፤ ከዚያ ውጪ የመጣውን ሰርቨሩ ይመልሰዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ በጣም እደግፋለሁ። ግን ወንድሜ፣ በሒሳብ ክፍሉ አድራሻ እኔም ረዳቴም እንልካለን። አንዳችን ልንዘጋ ነው?

የቴክኒክ ኮሚቴ፦ አትዘጉም፣ እህቴ። በአድራሻው ትይዩ የሁለታችሁን መግቢያ ስም በኮማ ለይተን እናስገባለን።

አባል፦ አንድ ቀዳዳ አለ። ደንቡ የሚያየው ሰርቨሮች የሚለዋወጡትን፣ ፖስታው ላይ ያለውን ላኪ ብቻ ነው። ተቀባዩ ግን የሚያነበው ደብዳቤው ውስጥ «ከ» ተብሎ የተጻፈውን ነው። ሁለቱ ሊለያዩ ስለሚችሉ አጭበርባሪ በዚያ በኩል ይገባል። ሁለቱን የሚያመሳክር ሚልተር (ከፖስትፊክስ ጋር ተያይዞ ኢሜይሉን የሚመረምር ፕሮግራም) ጭምር ይጠየቅ። ይህ ከቀረ ሥራው ግማሽ ነው። የድረ ገጹ የምዝገባ ፎርምም እዚያው ሰርቨሩ ላይ፣ በፓስወርድ መግባት በማይጠይቀው በሴንድሜይል ትዕዛዝ ስለሚልክ ደንቡ አይደርስበትም። የራሱ አካውንት ይሰጠውና በፓስወርድ ገብቶ በሚላክበት በ587 ፖርት ይላክ።

ጸሐፊ፦ እኔ የስብሰባ ጥሪ የምልከው የግሌን ጂሜይል ላኪ አድርጌ በማኅበሩ ሰርቨር ነው። ምን ላድርግ?

የቴክኒክ ኮሚቴ፦ እሱማ ይቁም። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በስሙ ከሌላ ሰርቨር የሚመጣውን ጠበቅ አድርጎ ይዟል፤ ጥሪው ስፓም ውስጥ ይቀራል። ላኪው የማኅበሩ አድራሻ ይሁን፣ የግልዎን «መልስ ለ» በሚለው ቦታ ያስገቡ።

አባል፦ በአንዴ አይዘጋ። መጀመሪያ «ዋርን ኢፍ ሪጀክት» የሚባለው ትዕዛዝ ከደንቡ ፊት ይግባ፤ ሰርቨሩ ኢሜይሉን ሳይመልስ ሎግ (የሰርቨሩ መዝገብ) ላይ ብቻ ይመዘግባል። ሁለት ሳምንት አይተን ሠንጠረዡን እናስተካክል።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦ ተስማማሁ፣ ረቂቁ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ክፍል የሚልክባቸውን አድራሻዎች እስከ ዓርብ ይላክልን፤ የጋራ የሆኑትን ከነተጠቃሚዎቻቸው።